ሦስት ጊዜ ያደገ ቀለበት

«አልነካሁትም» አሉ ጋሼ ሙሐዲን፣ በመሐረብ የጠቀለሉትን ነገር መዳፋቸው ላይ እንደያዙ። «አሳንሱልኝ ብለሽ ልከሽልኛል፤ ልክ ነው። እኔ ግን ሳላናግርሽ መጋዝ አላሳርፍበትም ብዬ ይኸው መጣሁ።»

መሠረት ከተቀመጠችበት ፍራሽ ቀና ብላ አየቻቸው። የደብረ ታቦሩ ብር ሠሪ ሰባውን ካለፉ ቆይተዋል። ከከተማ እስከ መንገዱ ማለቂያ በባጃጅ፣ ከዚያ ወዲህ ያለውን የጉናን አቀበት በሰው በቅሎ፣ የመጨረሻውን ቁልቁለት ደግሞ በእግራቸው ነው የመጡት። ለአንድ ቀለበት እንዲህ የሚደክም ሰው ወይ ሞኝ ነው፣ ወይ ከባድ ነገር ይዟል። ጋሼ ሙሐዲንን ሞኝ ያለ ሰው ደግሞ እስካሁን አልተሰማም።

«አላህ ጽናቱን ይስጣችሁ» አሉ ወደ ድንኳኑ ሰው ዞር ብለው። ቦታ ተለቀቀላቸውና ከመሠረት ፊት ለፊት ተቀመጡ።

ቀኑ ሠልስት ነበር። የመሠረት እናት ውዴ እሑድ ጠዋት አርፋ እሑድ ከሰዓት በኋላ ተቀብራለች። ዛሬ ማክሰኞ፣ ለቀብር ያልደረሰ ሁሉ የሚደርስበት ቀን ስለሆነ፣ ድንኳኑ ገና በረፋዱ ሞልቷል። ቆሎው በሰፌድ ይዞራል፤ ሹክሹክታውም ከቆሎው ባልተናነሰ ይዞራል። የአባቷ ታላቅ ወንድም በላይነህ ከምሰሶው ሥር፣ ከሐዘንተኛው ሁሉ ፊት ተቀምጠው፣ «እግዜር ያጥናዎ» የሚላቸውን ሰው እየተቀበሉ ነው። ሰውም «የወንድሙን ቤት ያቆመ» እያለ ያመሰግናቸዋል።

ቀለበቱ የብር ነው፤ መሐሉ ላይ የባቄላ ፍሬ የሚያህል ቀይ የአቂቅ ድንጋይ አለው። እሑድ ዕለት አስከሬኑ ሲገነዝ የወንድሟ ሚስት እመቤት አውልቃ፣ «እማማ ለመሠረት ይሰጥ ብለው ለንስሐ አባታቸው ተናግረዋል» ብላ እጇ ላይ አኖረችላት። መሠረት ወዲያው አጠለቀችው። ቀለበቱ ሕፃን እንዳደረገው የአባቱ ጫማ ወዲያ ወዲህ አለባት። ደብረ ታቦር ሒሳብ ሲያስተምር የኖረ ጣት ከጠመኔ የከበደ ነገር ጨብጦ አያውቅም።

«የወንድሜ የይሻው ቀለበት እኮ ነው» አሏት ያን ጊዜ አጎቷ። «የወንድ ልክ ነው። ለልክሽ አሳንሺውና በሠልስቱ ሰው ጣትሽ ላይ ይየው።»

መሠረትም አመነች። ከልጅነቷ ጀምራ የምታስታውሰው እናቷ ጣት ላይ ያለ ሰፊ ቀለበት ነው፤ የአባቷ ነው ቢሏት ምን አጠራጠራት? ሰኞ ማለዳ ወንድሟ ሲሳይ ለሠልስቱ የሚሆን ዕቃ ሊገዛ ከተማ ሲወርድ ቀለበቱን ሰጠችው። ለመታየት ብላ አልነበረም። እናቷን በሕይወት ሳለች በዓመት ሦስት ጊዜ ብቻ ትጠይቅ የነበረች ልጅ፣ ቢያንስ ቀለበቷን ከጣቷ ሳትለይ መኖር ፈልጋለች። የሚወልቅ ቀለበት ደግሞ አንድ ቀን ይጠፋል።

«ይህ የማን ቀለበት ይመስልሻል?» አሉ ጋሼ ሙሐዲን።

«የአባቴ።»

«ማን አለሽ?»

የመሠረት ዓይን ወደ ምሰሶው ሄደ። የሰዉም ዓይን ተከተላት። ልቅሶ ቤት አፍ ቢዘጋ ጆሮ አይዘጋም፤ ቆሎ የሚቆረጥመው ጥርስ ሁሉ ባንድ ጊዜ ቆመ።

«የእናትሽ ነው» አሉ ብር ሠሪው። «ለውዴ ሰርግ አባቴ ናቸው የሠሩት። ድንጋዩን ይፋግ ገበያ ከሚውል ነጋዴ ገዙት፤ የጣቷን ልክ የወሰድሁት እኔ ነኝ። ያኔ ጣቷ እንዳንቺው ቀጭን ነበር። ልኳ ልክሽ ነበር።»

መሐረቡን ፈቱና ቀለበቱን በድንኳኑ በር ወደሚገባው ብርሃን አዘንብለው ውስጡን አሳዩአት። በብሩ ውስጠኛ ወገን ስስ ቢጫ መስመሮች ተጋድመዋል። ጥፍሯን ስታሳልፍባቸው ተሰሟት።

«ከዚህ እስከዚህ አንድ ቁራጭ ነው። ከዚህ እስከዚህ ሌላ። ይኸውልሽ ደግሞ ሦስተኛው። ቆርጬ፣ ከፍቼ፣ መሐሉ ብር ጨምሬ የበየድሁበት ነው። ሦስት ጊዜ አሰፋሁት፤ ሦስቱንም ጊዜ ይዛው የመጣችው እናትሽ ናት።»

«ለምን?» አለች መሠረት። ቃሉ ከአፏ ሳይወጣ ግን መልሱን አውቃዋለች።

አባቷ ይሻው በሳንባ ምች የሞተ ዓመት እሷ ስምንት ዓመቷ፣ ሲሳይ አራት ዓመቱ ነበር። የአርባው ተዝካር በወጣ ማግስት ሽማግሌዎች ከቤተ ክርስቲያኑ ወይራ ሥር ተሰበሰቡ፤ መሠረት የእናቷን ቀሚስ ይዛ ቆማ ሰምታለች። አጎቷ በላይነህ መሬቱን እኔ ልረስና ምርቱን እኩል እንካፈል አሉ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ የሚያውቁት ወግ ይኸው ነው። ውዴ ግን ዛሬ እኩል የተቀበለች መበለት ነገ ሲሶ፣ ከነገ ወዲያ ምጽዋት እንደምትቀበል በሌሎች አይታለች።

«እኔው አርሳለሁ» አለች።

ሽማግሌዎቹ ሳቁ። በላይነህ አልሳቁም። «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» አሉ። «ደግሞስ በዚያች ቀለበት ባጌጠች ጣት ነው እርፍ የምትጨብጪ? መጀመሪያ አውልቂው። የይሻው ሚስት መሆኑን ተይና ከዚያ ገበሬ ሁኚ።»

«ቀለበቱም አይወልቅ፣ እርፉም አይቀር» አለች ውዴ። «አንድ ክረምት ስጡኝና እዩኝ።»

ሰጧት። መንደሩ ሴት ካረሰች ዝናቡ ይሸሻል ብሎ ፈርቶ ነበር፤ ዝናቡ ግን ማን እንዳረሰ ሳይጠይቅ መጣ። ገብሱም በቀለ። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ወንዶቹ ዘር ከመበተናቸው በፊት ሰማዩን ማየት ትተው የውዴን ማሳ ማየት ጀመሩ፤ ውዴ ከዘራች ጊዜው ደርሷል ማለት ነው። ይህን ግን አንዳቸውም በአፋቸው አይሏትም። ነገሩ የሚታይ፣ የማይወራ ሆነ። ለእንግዳና ለባለሥልጣን በላይነህ ነው የሚያርስላቸው ይባላል፤ አጎቷም ኧረ አይደለም አላሉም።

መሠረትም አላለችም። በዚያው ዓመት ደብረ ታቦር አክስቷ ዘንድ ገብታ ትምህርት ጀመረች። መምህሩ «እናትሽ ምን ትሠራለች?» ሲላት «ትፈትላለች» አለች፤ እስከ አሥረኛ ክፍል ድረስ ጠያቂው ቢለዋወጥም መልሷ ያው ነበር። እሑድ በቀብሩ ላይ ሙሾ አውራጇ ወርቅነሽ «ፈታይዋ ውዴ» እያለች ስታወርድ፣ መሠረት በነጠላዋ ፊቷን የሸፈነችው ለልቅሶ ብቻ አልነበረም። ኧረ ውዴ መቼ ፈትል ሆኖላት! የፈተለችው ክር ሁሉ ቋጠሮ ነበር።

«የመጀመሪያው መስከረም ላይ ነው» አሉ ጋሼ ሙሐዲን። «ሱቄን ልከፍት ስመጣ ደጃፌ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ከዚህ ተነሥታ በእግሯ፣ የድንች ከረጢት አዝላ። ጣቷ አብጦ፣ ቀለበቱ ሥጋው ውስጥ ገብቶ፣ ጠቁሯል። በመጋዝ ቆርጬ ሳላቅቃት አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። ላብ ያጠመቀው እኔን ነው።»

«አሟት ነበር?» አለች መሠረት፣ የሞኝ ጥያቄ መሆኑን እያወቀች።

«አሟት እንጂ! መከርኋት። በማተብሽ ላይ እሰሪው፣ ለበዓል ለበዓል አጥልቂው አልኋት። ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? ‹ጣቴ ነው ያደገው፤ ቀለበቱም ይደግ› አለችኝ።»

ከወደ ኋላ አንድ ሰው ሳቀና ወዲያው አፉን ያዘ። ውዴን የሚያውቅ ሁሉ ድምጿን የሰማ መስሎታል።

«የምጨምረው ብር አልነበረኝም፤ ያን ሰሞን ከየትም አይገኝም ነበር። ይህን ስነግራት ጎንበስ ብላ ከቁርጭምጭሚቷ አልቦዋን ፈታች። የሰርጓን አልቦ። ‹ከበሬ ኋላ የሚሄድ እግር አልቦ ምን ያደርግለታል? ከዚህ ቁረጥ› አለች። የጥፍር ታህል ቆረጥሁና የተረፈውን ስመልስላት ደግሞ፣ ‹አንተው ዘንድ ይቀመጥ፤ ጣቴ ገና ነው› አለችኝ።»

እዚህ ላይ ሽማግሌው ራሳቸው ፈገግ አሉ። የአቂቅ ድንጋይ እሳት ከነካው ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ ሲበይዱ ድንጋዩ ያለበትን ወገን ጥሬ ድንች ውስጥ ሰክተው ነው። ያን ቀን ድንቹን ከከረጢቷ መርጣ የሰጠቻቸው ውዴ ናት። ብየዳው ሲያልቅ ድንቹ በአንድ ወገኑ በስሎ ወጣ፤ ሊጥሉት ሲሉ «የጉና ድንች አይጣልም» ብላ ከእጃቸው ተቀብላ፣ እዚያው ቆማ በላችው።

«ሁለተኛው ከሁለት ክረምት በኋላ ነው። ሦስተኛው ደግሞ በሬው ቀንበር ላይ ጣቷን አጣብቆባት፣ መገጣጠሚያው ተቋጥሮ የቀረ ጊዜ። አንቺ አሥረኛ ክፍል ነበርሽ፤ አወራችኝ። የአልቦው የመጨረሻ ቁራጭ የገባው ያኔ ነው።»

መሠረት ያን ቀን ታስታውሳለች። እናቷ ጣቷን በጨርቅ ጠምጥማ አክስቷ ቤት ገባች። ምን እግር ጣለሽ ስትባል «ቀለበቴን ላሠራ መጥቼ» አለች። መሠረት ደብተሯ አልቆ በተጻፈበት ኅዳግ ላይ የምትጽፍበት ሰሞን ነበር። «እኔ ደብተር የለኝም፤ አንቺ ጌጥ ታሠሪያለሽ?» ብላ ጮኸችባት። እናቷ አልተቆጣችም። በደህናው እጇ ራሷን ዳሰሰቻትና ከመምሸቱ በፊት አቀበቱን ልውጣ ብላ ሄደች። በሳምንቱ ደብተሩ በሰው እጅ መጣ። መሠረት ይህን ሁሉ ዓመት ያን ቀን እናቷን ለጌጥ ስትሮጥ የያዘቻት መስሏት ነበር።

«እንግዲህ ልክሽን ላድርገው ካልሽ ሦስቱንም ቁራጭ ማውጣት ነው» አሉ ጋሼ ሙሐዲን። «እጄ ዛሬም አይንቀጠቀጥም፤ የሰርጓን ቀን ቀለበት አድርጌ እሰጥሻለሁ። ያምራል። ግን ምን እንደማወጣ ሳታውቂ ላወጣው ሆዴ እምቢ አለኝ።»

«ሙሐዲን!»

በላይነህ ነበሩ። በትራቸውን መሬት ላይ ተክለዋል። «የወንድሜ ሚስት በሠልስቷ ቀን እርፍ ጨበጠች ተብላ ይወራባት? የተላከልህ አሳንስ ተብሎ ነው። አሳንስና ስጣት።»

በዚህ አገር በላይነህን በሰው ፊት የተቃወመ ሰው አልነበረም፤ ከአንዲት ሴት በቀር፣ እሷም ከትናንት ወዲያ ተቀብራለች። መሠረት ይሁን ብትል ነገሩ እዚህ ላይ ያበቃል። ቀለበቱ ልኳ ይሆናል፣ አጎቷ ይከበራሉ፣ ቁራጮቹ ብር ሠሪው ሱቅ ወለል ላይ ይቀራሉ። እናቷም ለዘላለም ፈታይ ትሆናለች።

ቀድሞ የተናገረው ሲሳይ ነው። የውሃ ጀሪካን ይዞ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ሲሳይ በስብሰባ መሐል ትንፍሽ የሚል ሰው ስላልሆነ፣ ድምፁን ሲሰሙ ማን ነው ብለው የዞሩ አሉ።

«እርፍ አያያዝ ያስተማረችኝ እሷ ናት» አለ። «እጄን በእጇ ሸፍና፣ ቀለበቷ እየቆረቆረኝ። አጎቴ ናቸው ያስተማሩኝ እያልሁ የኖርሁት ልክ አልነበረም።»

መሠረት ተነሥታ ቆመች። በሐምሌ ጉም ውስጥ አንድ ጧት ትዝ አላት፤ ከከተማ ለክረምት መጥታ ቁርስ ይዛ ወደ ማሳው ወጥታ ነበር። እናቷ አልታየቻትም። መጀመሪያ የሰማችው በሬዎቹን በስማቸው ስትጠራ፣ ስትሰድብ፣ መልሳም ስታቆላምጥ ነው። ከዚያ ከጉሙ ውስጥ እርፉን የጨበጠ እጅ ወጣ፤ ጭቃ በጭቃ ሆኖ ቀዩ ድንጋይ ብቻ ይታያል። ያን ጊዜ ሰው እንዳያይ ብላ ፈርታ ነበር።

«አጎቴ» አለች። «እናቴ አሥራ ሁለት ክረምት አርሳለች። ሲሳይ እርፉን እስኪረከባት ድረስ አንድም ዓመት አላጎደለችም። እኔ የተማርሁት በዚያ ገብስ ነው። እናቴ ትፈትላለች እያልሁ አድጌያለሁ፤ ከእንግዲህ ይበቃኛል። ይወራባት አይደለም፣ ይወራላት።»

ወደ ብር ሠሪው ዞረች። «አይቆረጥ፣ ጋሼ።»

«ይወልቅብሻል እኮ፣ ልጄ።»

«እይዘዋለሁ።»

ከመዳፋቸው አንሥታ አጠለቀችው። ቀለበቱ ተንሸራቶ ሊያመልጥ ሲል ጣቶቿን አጥፋ ጨበጠችው። የእናቷ ሐዘን አሁንም አለ፤ ከጎኑ ግን ሌላ ነገር ገብቶ ቀጥ አድርጎ አቆማት። ኮርታለች። የገበሬዋ የውዴ ልጅ በመሆኗ፣ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት፣ እንባዋ እየወረደ ኮርታለች።

ያን ጊዜ ሙሾ አውራጇ ወርቅነሽ ከሴቶቹ መሐል ተነሣች። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም እንዲሉ፣ እሑድ ዕለት ያልመጣላት ዜማ ዛሬ ሳይለምኑት መጣ።

«ፈትል ፈተለች ብዬ ዋሽቼ፣
ማረሷን ሳውቅ በዓይኔ አይቼ፤
ውዴ ገበሬው ውዴ ባለ እርፉ፣
ከበሬሽ ኋላ ክረምቶች አለፉ።»

ድንኳኑ በእንባ ተናወጠ። ሴቶቹ ደረታቸውን መቱ። ወንዶቹ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ አንዱ ለጎረቤቱ «ዘሩን በሷ ማሳ እያየሁ ነበር የምዘራ» ሲል፣ ጎረቤቱም «አንተ ብቻ መሰለህ?» ሲለው መሠረት ሰማች። የሃያ ስምንት ዓመት ዝምታ ባንድ ረፋድ ተፈታና ሰው ሁሉ የየራሱን ማውራት ጀመረ። አንዷ ውዴ ያዋሰቻትን ዘር፣ አንዱ የጠበቀችለትን በሬ፣ ሌላው ትልሟ እንዴት እንደማይጣመም።

አጎቷ በላይነህ ከምሰሶው ሥር ተነሥተው፣ ማንንም ሳያናግሩ፣ በትራቸውን እየተመረኮዙ ወጡ። ሰዉ ተቀይመው የሄዱ መሰለው። ሲሳይ ሊከተላቸው እግሩን አንሥቶ ነበር፤ መሠረት በዓይኗ ተወው አለችው። ጋሼ ሙሐዲን አንገታቸውን ደፍተው መሐረባቸውን ደጋግመው አጣጠፉ።

ጥቂት ቆይቶ በላይነህ በድንኳኑ በር ተመልሰው ገቡ። በትራቸውን ውጭ ትተዋል፣ ባርኔጣቸውን አውልቀዋል፣ ጋቢያቸውን እንደ ሩቅ አገር ለቀስተኛ አጣፍተዋል። ሁለት ቀን ተኩል የሰውን ማጽናኛ ሲቀበሉ የነበሩት ሰው ወደ ቦታቸው አልሄዱም። ሰዉን አልፈው መጥተው የወንድማቸው ልጅ ፊት ቆሙ።

«አውልቂ ያልኋት እኔ ነኝ» አሉ። «ገበሬ ነበረች። እግዜር ያጥናሽ።»

እጃቸውን ዘረጉላት። መሠረት እጇን ብትከፍት ቀለበቱ ይወድቃል። እጁ ጭቃ የነካ ገበሬ ሰላም ሲሉት እንደሚያደርገው፣ ጭብጧን ሳትፈታ የእጇን አንጓ ዘረጋችላቸው፤ አጎቷም ጎንበስ ብለው በሁለት እጃቸው ያዙት።